«ይህች መኪና አታስቸግርም» የምንለው በምን ማስረጃ ነው?

የአውቶሞቲቭ ተማሪ መሆን አንድ ጣጣ አለው። ገና ሁለተኛ ዓመት ሳይደርሱ የዘመድ አዝማድ አማካሪ ያደርጋል። «አንተ የመኪና ተማሪ አይደለህ እንዴ? እስቲ የትኛዋን ልግዛ?» ይላል አጎት። ጎረቤት ይጠይቃል፣ የዕድር ሰብሳቢው ይጠይቃሉ፣ የጓደኛ አባት ይጠይቃሉ። እኛም አላውቅም ማለት ስለሚያሳፍር ዝም አንልም። «ቶዮታ ከሆነች ዓይንዎን ጨፍነው ይግዙ»፣ «ላዳ እኮ ብረት ናት»፣ «ቮልስ ሞት አያውቃትም»፣ «ፔጆ ድሮ ቀረ» እያልን እንፈርዳለን። ይህን ፍርድ ከየት አመጣኸው ብሎ የሚጠይቀን ሰው ግን የለም። ቢጠይቀንም መልሱ «ሁሉም ሰው ይላል» ነው።

ነገሩ ቀልድ የሚመስለው ገንዘቡ የሌላ ሰው ሲሆን ነው። በአገራችን አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ይዞ ነው የሚመጣው። በሰፈራችን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። የመኪናዋን ስም አልጠራም፤ «ስሟ ብቻ ይበቃል» ተብለው ያላቸውን አሟጠው ገዟት፤ ዓመት ሳይሞላ ሞተሩ ወረደ። የልጃቸው የትምህርት ክፍያ የመለዋወጫ መግዣ ሆነ። የመከሯቸው ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ያው እንደ እኛ ስም ብቻ ነበር የሚያውቁት።

በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ሐሳብ አጭር ነው። የአሮጌ መኪና አስተማማኝነት ከፊት ለፊት በተለጠፈው አርማ አይለካም። የሞተሩ ዓይነት፣ የመለዋወጫው አቅርቦት፣ የባለቤቱ አያያዝና የመካኒኩ እጅ ተደምረው የሚሰጡት ውጤት ነው። ይህን ድምር ለመቁጠር ደግሞ ከእኛ የተሻለ ቦታ ላይ የተቀመጠ የለም፤ ግን አንቆጥርም።

ሦስት ነገር በአንድ ቃል

«አታስቸግርም» ስንል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እናደበላልቃለን። አንደኛው መኪናዋ ሳትበላሽ የምትቆይበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ስትበላሽ ቶሎና በርካሽ መጠገኗ ነው። ሦስተኛው ዕድሜ ነው፤ ሞተሩና ቦዲው ሃያና ሠላሳ ዓመት መክረሙ። ክፍል ውስጥ እነዚህ ሦስቱ የተለያየ ስም አላቸው። ከግቢ ስንወጣ ግን አንድ ቃል ይሆናሉ።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው። መኪና «ሀ» በየ30 ቀኑ ትቆማለች እንበል፤ ግን በግማሽ ቀን ተሠርታ ትወጣለች። መኪና «ለ» 180 ቀን ሳትነካ ትሠራለች፤ ስትበላሽ ግን ዕቃዋ ከገበያ ስለጠፋ 20 ቀን ጋራዥ ትተኛለች። የሠራችበትን ጊዜ ለጠቅላላው ጊዜ ብናካፍል «ሀ» 98 በመቶ ገደማ፣ «ለ» 90 በመቶ ለሥራ ዝግጁ ናቸው። በዓመት ሲሰላ «ሀ» ጋራዥ የምትውለው 6 ቀን ያህል ነው፤ «ለ» ግን ከ36 ቀን በላይ።

ታዲያ የትኛዋ ናት የማታስቸግረው? ከተማ ውስጥ የሚሠራ ባለታክሲ «ሀ»ን ቢመርጥ ልክ ነው። ጋራዡ ቅርብ ነው፤ የሚጎዳው የቆመበት ቀን ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ቤተሰብ ጭኖ ክፍለ ሀገር የሚወርድ ሰው «ለ»ን ቢመርጥ እሱም ልክ ነው። በሌሊት፣ ሰው በሌለበት መንገድ፣ ሕፃን ይዞ መቆምን በመቶኛ ማስላት አይቻልም። ስለዚህ ጠያቂው «የትኛዋ ትሻላለች?» ሲል የእኛ የመጀመሪያ መልስ «ለምን ሥራ?» የሚል ጥያቄ መሆን ነበረበት።

የቀሩትን አይቶ ስላለቁት መፍረድ

«ቮልስ ሞት አያውቃትም» የሚለውን እንውሰድ። ማስረጃው ምንድን ነው? መንገድ ላይ ስለምናያት። የመጨረሻዋ የድሮ ቮልስ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነው፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ዛሬ በከተማችን ሲሄዱ የምናያቸው ቮልሶች ባለቤቶቻቸው እንደ ልጅ የያዟቸው ናቸው። ለቁርጥራጭ ብረት የተሸጡት፣ በየግቢው ሣር የበቀለባቸው፣ አካላቸው ለሌላ ቮልስ ማዳኛ የተሰጠው ምስክር ሆነው አይቀርቡም። ይህ ማለት የዘጠና ዓመት አዛውንት አይቶ «የድሮ ሰው አይታመምም ነበር» እንደማለት ነው። እኩዮቻቸው የት እንዳሉ ያልጠየቀ ሰው እንዲህ ቢል አይገርምም።

ቮልስ መጥፎ ናት እያልኩ አይደለም። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፣ የውኃ ፓምፕ የላትም፣ የሚቀደድ የውኃ ጎማ የላትም። የሌለ ዕቃ አይበላሽም! ግን ዋጋ አለው። የዲናሞዋ ቺንጋ ከተበጠሰ ማቀዝቀዣው ፋን አብሮ ይቆማል፤ ሹፌሩ ቶሎ ካላጠፋት ሞተሩ ይቃጠላል። ፋብሪካው ያወጣው ፕሮግራም በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ዘይት እንዲቀየርና የቫልቭ ክፍተት እንዲስተካከል ይጠይቃል። የዘይት ማጣሪያዋ የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው። በቀድሞዎቹ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ 3ኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚጋርድ የዚያ ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ቀድሞ ይቃጠላል። እንግዲህ ቮልስ የማታስቸግረው በየወሩ ኮፈኗን የሚከፍትላትን ሰው ነው። ቁልፍ ሰጥተው ለሚረሷት ሰው አደራ አትባልም።

በየስማቸው ስናያቸው

ላዳ የከተማችን ባለውለታ ናት፤ ይህን የሚክድ የለም። እናቷ ፊያት 124 ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመርጣለች። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ቶግሊያቲ ላይ ማምረት ሲጀምሩ ዝም ብለው አልገለበጧትም። ለመጥፎ መንገድ ብለው የቦዲውን ላሜራ አወፈሩ፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን አውጥተው በከበሮ ፍሬን ተኩ፣ ባትሪ ሲደክም በእጅ የምትዞር ማስነሻ ብረት ጨመሩላት። «ብረት ናት» የሚባለው እንግዲህ መሠረት አለው። ይሁንና ካርቡራተሯና የዲስትሪቢዩተሯ ኮንታክት ፖይንት ያለማቋረጥ መስተካከል ይፈልጋሉ፤ ካምሻፍቷም ቶሎ በመበላት ትታማለች። የላዳ ሹፌር መኪናዋ እንዳልተበላሸች የሚነግረን ጠዋት ጠዋት የሚያደርግላትን ጥገና እንደ ብልሽት ስለማይቆጥረው ነው። ፋብሪካው ደግሞ የዚህን የድሮ ሞዴል ቤተሰብ ምርት እ.ኤ.አ. በ2012 አቁሟል። ከእንግዲህ የላዳ ዕቃ እየሳሳ እንጂ እየበዛ አይሄድም።

ፔጆ 504ን «ድሮ ቀረች» እያልን እናልፋታለን። እ.ኤ.አ. የ1969 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1975ና በ1978 በጎረቤታችን ኬንያ የሚካሄደውን የሳፋሪ ራሊ አሸንፋለች፤ በዚያ ጭቃና አቧራ ማሸነፍ ቀልድ አይደለም። እዚያው ኬንያና ናይጄሪያ ውስጥ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስ ተገጣጥማለች። መኪናዋ በአንድ ሌሊት ሰነፍ አልሆነችም። እዚህ የጠፋት ዕቃ አቅራቢና የሚያውቃት መካኒክ ነው። ያው ብረት፣ ያው ሞተር፤ አገር ሲቀየር ግን አስተማማኝነቱ ይቀየራል ማለት ነው።

ኮሮላ ዲኤክስ ላይ ስንመጣ ብዙ ክርክር የለም። ብዙዎቹ የያዙት 1.3 ሊትር 4ኬ ሞተር ብሎኩ ቆርቆሮ ያልሆነ ድፍን ብረት፣ ካምሻፍቱ ብሎኩ ውስጥ የተቀመጠ፣ በቺንጋ ሳይሆን በሰንሰለት የሚዞር ነው። ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ራሱን አያስጨንቅም። ኮፈኗ ሲከፈት እጅ የማይገባበት ቦታ የለም። ከዚህ በላይ ደግሞ ዕቃዋ ሱማሌ ተራ ብንሄድ፣ ክፍለ ሀገር ከተማ ብንሄድ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ክብ አለ። መኪናዋ ስለበዛች ዕቃ ይመጣላታል፤ ዕቃ ስላላት መካኒኩ ይለምዳታል፤ መካኒክ ስለለመዳት ቶሎ ትነሳለች፤ ቶሎ ስለምትነሳ ሰው ይገዛታል፤ አሁንም ትበዛለች። የቶዮታ ዝና ግማሹ የጃፓን መሐንዲሶች ሥራ ነው፤ ግማሹ ግን የእኛው ነጋዴና መካኒክ ሥራ ነው። ይህን ስንል ክብሩ ለሁለቱም ይድረስ።

ያው ስም፣ የተለያየ ሞተር

«ቶዮታ ሁሉ ያው ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። ሁለት ምሳሌ ብቻ ላንሳ። በናፍጣ በኩል 2.8 ሊትር 3ኤል ሞተር ቱርቦ የሌለው፣ ታጋሽ፣ ጭነት የማይጠላ ነው። ታላቅ ወንድሙ፣ 2.4 ሊትር ባለ ቱርቦው 2ኤል-ቲ ግን ሙቀት ሲበዛበት ቴስታታው በመሰንጠቅ ይታወቃል። ሁለቱም አንድ አርማ ሥር ነው የሚቀመጡት። በቤንዚን በኩል እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2002 አካባቢ የተሠራው 1.8 ሊትር 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ሞተር የፒስተኑ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ስላነሱት ቀለበቱ እየተጣበቀ ዘይት ይበላል። በኋላ ፒስተኑ ተሻሽሏል። ገዢው ግን ከውጭ ሁለቱን አይለይም። ደላላውም አይነግረውም።

ቺንጋና ሰንሰለትም እንዲሁ ነው። የድሮው 4ኤ-ኤፍኢ የኮሮላ ሞተር ላይ የታይሚንግ ቺንጋ ቢበጠስ መኪናዋ ትቆማለች እንጂ ቫልቭና ፒስተን አይገናኙም፤ አዲስ ቺንጋ ገጥሞ መሄድ ነው። 2ኤልና 3ኤል ናፍጣ ላይ ያው ቺንጋ ሲበጠስ ግን ቫልቭ ከፒስተን ይጋጫል፤ ቴስታታ ይወርዳል። በአውሮፓ ያሪስ የምትባለው ቪትዝ የመጀመሪያዎቹ 1.0 ሊትር ሞተሮቿ ባለ ሰንሰለት ናቸው፤ የቺንጋ ጣጣ የለባቸውም። ዘይት ሳይቀየርለት የከረመ ሰንሰለት ግን ይለጠጣል፣ ይንኳኳል። አንድ ሰው «ቶዮታ ልግዛ?» ሲለን መልሳችን «የትኛውን ሞተር? ቺንጋው መቼ ተቀየረ? ዘይቱስ?» መሆን አለበት።

የፈረንጅ ሠንጠረዥና የእኛ አየር

አንዳንድ ጓደኞቻችን ደግሞ ከኢንተርኔት ያገኙትን የአስተማማኝነት ደረጃ አትመው ይመጣሉ። ጥሩ ነው፤ ከወሬ ይሻላል። ግን ምን እንደሚለካ ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካው ጄ.ዲ. ፓወር የሚጠይቀው ሦስት ዓመት የሞላቸውን መኪኖች የያዙ የመጀመሪያ ባለቤቶችን ነው። ውጤቱ ለ100 መኪና ስንት ችግር ተቆጠረ የሚል ነው፤ የሬዲዮ ወይም የስልክ ማገናኛ ችግርም ይቆጠራል። የጀርመኑ ቲዩፍ ሪፖርት ከምርመራ ጣቢያ ስለሚነሳ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም የሚያየው 12ና 13 ዓመት እስኪሞላቸው ያሉትን፣ በጀርመን መንገድና በጀርመን ቁጥጥር ያደጉ መኪኖችን ነው። እኛ የምንጠየቀው ግን ስለ 25 ዓመቷ ነው፤ አራተኛ ወይም አምስተኛ ባለቤት ስላየችው፣ ኪሎ ሜትሯ ወደ ኋላ ስለተመለሰው።

አየሩም ይለያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራተር ያላት መኪና ለባሕር ወለል ከተስተካከለች ቤንዚን ይበዛባታል፤ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ጉልበት ይወርዳል። ኢንጀክሽን ያላት በሴንሰር ራሷን ታስተካክላለች። ውኃም እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ግፊት መያዝ ያቃተው አንድ የራዲያተር ክዳን አዲስ አበባ ላይ ሞተር ሊያቃጥል ይችላል። የተቃጠለው ጓርኒሲዮን ግን «የዚህች መኪና ሞተር ሙቀት አይችልም» ተብሎ በስሟ ይመዘገባል። ወንጀሉ የክዳኑ፣ ስድቡ የብራንዱ!

ሠንጠረዦቹ የማይዙት ሌላም ነገር አለ። የታካታ ኤርባግ ጉዳይ በመኪና ታሪክ ትልቁ የጥሪ ሥራ ነው። በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ማቀጣጠያው እየተበላሸ፣ ኤርባጉ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ይተፋል፤ ሰዎች ሞተዋል። ከተጠሩት ውስጥ በርካታ ዓመት የተሠሩ ኮሮላና ያሪስ ይገኙባቸዋል። እንዲህ ያለች መኪና ሃያ ዓመት ሳትቆም ልትነዳ ትችላለች፤ «አታስቸግርም» ልትባልም ትችላለች። አስተማማኝ ናት ለማለት ግን እኔ አፌ አይደፍርም። የሻንሲ ቁጥሯን ፈልጎ ማጣራት የእኛ ሥራ ነው።

ታዲያ ምን እንመልስ?

«ይህን ሁሉ ብለህ መልስ ሳትሰጥ ልትሄድ ነው?» እንዳትሉኝ፣ የራሴን እነግራችኋለሁ። በውስን ገንዘብ፣ ለዕለት ሥራ፣ እንዲያው አሮጌ ግዴታ ከሆነ፣ ከ1980ዎቹና ከ1990ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት የወጣች፣ ሞተሯ ያልተቀየረ፣ የጥገና ታሪኳን ሊናገር የሚችል ባለቤት ያላት ኮሮላ አስቀድማለሁ። ቪትዝን ዘይቷ በጊዜው ለመቀየሩ ምልክት ካየሁ እቀበላለሁ። ቮልስን ራሱ ቁልፍ ለሚይዝ ሰው፣ ላዳን ዕቃ አስቀድሞ ላጠራቀመ ሰው፣ ፔጆን የሚያውቃት መካኒክ በቅርብ ላለው ሰው። በደንብ የተያዘች ላዳና ያልተያዘች ኮሮላ ፊት ለፊት ቆመው ምረጥ ብባል ደግሞ ያለ ማቅማማት ላዳዋን እመርጣለሁ።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ገበያው እኮ ፈርዷል፤ ዋጋውን እይ፣ ከዚህ በላይ ስታቲስቲክስ የለም» ይለኛል። ጥሩ ክርክር ነው። ዋጋ የብዙ ሰው ልምድ ድምር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ዋጋ የሚለካው ተመልሶ የመሸጥን ተስፋ ጭምር ነው፤ በወሬም ይወጣል ይወርዳል። ዋጋ 2ኤል-ቲንና 3ኤልን አይለይም፤ ወይም የሚለየው ሰው ከከሰረ በኋላ ነው። ባለሙያ የሚያስፈልገው ገበያው ሳይነግረን በፊት ለማወቅ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከበፊቱ ይብሳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኤሌክትሪኩ ዘመን ይምጣ፤ እሰየው ነው። እስከዚያው ግን ብዙ ቤተሰብ የሚተዳደረው አገር ውስጥ ባሉት አሮጌ መኪኖች ነው። የዕቃ ዋጋ ሲንር ደግሞ «ኮፒ» ዕቃ ይበዛል፤ የኮፒ ዕቃው ጥፋትም እንደ ራዲያተሩ ክዳን በመኪናዋ ስም ይጻፋል።

ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ ስለዚህ ይህ ነው። ለተግባር ልምምድ በየጋራዡ እንበተናለን። በሄድኩበት ጋራዥ ያየሁት መዝገብ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ደብተር ብቻ ነበር፤ መኪናዋ ምን ሆና እንደመጣች የሚናገር መስመር የለውም። እያንዳንዳችን ለምን አንድ ገጽ ቅጽ ይዘን አንሄድም? የሚሞላው ስድስት ነገር ብቻ ይሁን፦ ሞዴልና ዓመት፣ የሞተሩ ዓይነት፣ የተነበበው ኪሎ ሜትር፣ የተበላሸው ዕቃ፣ የብልሽቱ ምክንያት (እርጅና፣ የጥገና ጉድለት ወይስ ጥራት የሌለው ዕቃ)፣ ዕቃ ሲጠበቅ የባከነው ቀን። የባለቤቱም የጋራዡም ስም አያስፈልግም። ተመልሰን ስንመጣ ቅጹን በአንድ ላይ እናስቀምጠው፤ የሚቀጥለው ባች ይጨምርበት፤ መምህራኖቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ይጠቀሙበት።

አንድ ችግር እንዳለው አውቃለሁ። ወደ ጋራዥ የሚመጣው የተበላሸው ብቻ ነው፤ በብዛት የምናየው መኪና በብዛት የሚነዳው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ኮሮላ ብዙ ጊዜ መጣች» ብለን «ኮሮላ ትበላሻለች» ማለት አንችልም። የትኛው ዕቃ፣ በየትኛው ሞተር፣ በምን ምክንያት፣ ለስንት ቀን እንዳቆመ ግን በርግጠኝነት ማወቅ እንችላለን። ለጠያቂው የሚጠቅመውም ይኸው ነው።

ያን ጊዜ አጎት ሲጠይቁን «ሁሉም ሰው ይላል» አንልም። «በዚህ ሞተር ላይ ይህን ይመልከቱ፣ ይህ ካልተቀየረ አይግዙ፣ ይህ ዕቃ ሲጠፋ ይህን ያህል ቀን ያቆማል» እንላለን። ለጡረተኛ ቁጠባ የሚመጥነው ምክር እንደዚህ ያለው ነው።

በሐሳቤ የማትስማሙ፣ በተለይ የቮልስ አፍቃሪዎች፣ ብዕራችሁን አንሱና በሚቀጥለው ዕትም እንገናኝ። ቸር ሰንብቱ።